ባቡር ላይ የተወለደችው አዋላጅ

ሲስተር ወይንሸት ማረፏን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ከገላን ኮንዶሚኒየም ወደ አስፋልቱ እየወረድን ሳለ ነጂው በመስታወቱ አየት አደረገኝና፣ "ያቺ ጤና ጣቢያ የነበረችው አዋላጅ አርፋ ትናንት ተቀበረች፤ አንቺም እዚያ ነበርሽ አይደል?" አለኝ። ነበርኩ። ያውም ከእሷ ጋር፣ እሷው ክፍል ውስጥ። ሌላ ቦታ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ስልኬን የያዘ ሰው ጠፍቶ፣ የሥራ እናቴን መርዶ ያረዳኝ ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰው ሆነ።

እንባ ቶሎ አልመጣልኝም። በእንባ ፈንታ የመጣልኝ ጥያቄ ነው፤ እሱም ለለቅሶ የማይሆን ጥያቄ። የእንግዴ ልጅ ለምን የእንግዴ ልጅ ተባለ? ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ከማህፀን ተከትሎ ለሚወጣው፣ ልጁ በእትብት ተያይዞ ሲመገብበት ለኖረው ለዚያ ነገር፣ ማን ነው ይህን ስም ያወጣለት? ሲስተር ወይንሸት ይህን ስትጠይቅ ኖራ መልሱን ሳታገኝ ሄደች። ወይም አግኝታው አልነገረችንም። እኔ እንጃ። ስለ እሷ የማውቀው ሁሉ መጨረሻው "እኔ እንጃ" ነው።

አቃቂ ቃሊቲ ተመድቤ ስመጣ ገና ከኮሌጅ መውጣቴ ነበር። ማዋለጃ ክፍል ገብቼ "ሲስተር፣ እርስዎ ጋ እንድሠራ ተልኬ ነው" ስላት ከላይ እስከ ታች አየችኝና ዞር ብላ ጀርባዋን ተመለከተች። "እርስዎ ያልሽው ማንን ነው? ከኋላዬ ሰው አለ?" አለችኝ። አንቱታ አትወድም ነበር። ልጆቿ ልንሆን የምንችለውን ሁሉ አንቺ አስብላናለች፤ ጽዳቷም፣ የካርድ ክፍሉም፣ ዘበኛውም አንቺ ነበር የሚሏት። የጣቢያው ኃላፊ ብቻ አልደፈረም። እሱ የልጅ አዋቂ፣ ዕድሜው ከእኔ ብዙም የማይርቅ ሰው ሲሆን እሷ ግን አንቱ ትለዋለች። ለማክበር ይሁን ለማሾፍ እስካሁን አልገባኝም፤ ለእሱም የገባው አይመስለኝም።

አጭር፣ ሞላ ያለች፣ እግረ ፈጣን ሴት ነበረች። ክረምት ከበጋ የፕላስቲክ ቦት ጫማ ታደርጋለች። በጠራራ ፀሐይ ይህ ምንድን ነው ሲሏት "ውሃ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም" ነበር መልሷ። የቧንቧውን ትበል የእርጉዞቹን የሽርት ውሃ ግልጽ አልነበረም፤ በእኛ ጤና ጣቢያ ሁለቱም ሳይናገሩ ነው የሚመጡት።

ልጅ ሲወለድ የክፍሉ ዓይን ሁሉ ወደ ልጁ ይዞራል። አለቀሰ አላለቀሰም፣ ወንድ ነው ሴት፣ ማንን ይመስላል። ሲስተር ወይንሸት ግን ልጁን ለእኔ ታቀብለኝና የቀረውን ትጠብቃለች። የእንግዴ ልጁ ሲወጣ በሁለት እጇ ተቀብላ ትሪ ላይ ታሳርፈዋለች፤ ከዚያ እያገላበጠች ሙሉ መሆኑን ትመረምራለች። ትንሽ ቁራጭ እንኳ ማህፀን ውስጥ ከቀረ እናትየዋ ደም እየፈሰሳት ልትሞት ስለምትችል ይህን ሁላችንም ተምረነዋል። ያልተማርነው የሚቀጥለውን ነው። መርምራ ስትጨርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ደክመሻል። በቃሽ፣ አሁን እረፊ" ትላለች። መጀመሪያ ለእናትየዋ የምትናገር መስሎኝ ነበር። እናቶቹም ለእነሱ ይመስላቸውና "እግዜር ይስጥሽ" ይሏታል። አንድ ቀን እናትየዋ እንቅልፍ ወስዷት ሳለ ይህንኑ ስትል ሰማኋት፤ ጎንበስ ብላ ትሪውን ነበር የምታናግረው። ለማን እንደምትናገር ያን ቀን አወቅኩ፤ ግራ መጋባቴም የዚያን ዕለት ጀመረ።

የስሙን ነገር ያልጠየቀችው ሰው የለም። ቤተ ክርስቲያን ሄዳ አንድ መምህር ጠይቃ፣ እንግዳ ከሚለው ሳይመጣ አይቀርም፣ እርግጡን ግን አላውቅም ብለዋት ተመለሰች። ኦሮምኛ የሚናገሩ እናቶችን ትጠይቃለች፤ ሆባቲ ነው የምንለው ይሏታል፤ ሆባቲስ ከምን መጣ ስትል እነሱም እንደኛው ይስቃሉ። አሁን የተገላገለች አራስ ላብዋ ሳይደርቅ "አንቺ ምን ይመስልሻል?" ብላ ጠይቃ፣ "ሲስተር፣ እኔ አሁን የምጠየቀው ይሄን ነው?" የተባለችበትን ቀን አልረሳውም። አንድ ወጣት ሐኪም ለሥራ ጉብኝት መጥቶ ሳለ ደግሞ፣ በሕክምናው ዓለም የሚጠራበት ስም በጥንት ሮማውያን ቋንቋ ጠፍጣፋ ቂጣ ማለት መሆኑን ነገራት። ክብና ጠፍጣፋ ስለሆነ ነው አላት። ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ነገር ስትገረም ከረመች።

"አየሽ፣ ፈረንጅ ሲያየው ቂጣ ታየው። የኛ ሰው ሲያየው ልጅ ታየው" አለችኝ። ቀጥላ ግን ፊቷ ተኮሳተረ። "ግን ተገላቢጦሽ ነው እኮ። እንግዳውማ ሕፃኑ ነው። ይሄኛው ቤት ያፈራውን ሲያቀርብለት፣ ሲያበላው፣ ሲያጠጣው የኖረ ነው። እንግዳ የሚባለው የሚበላው ነው የሚያበላው?" አለችኝ። ምሳ ልበላ እየወጣሁ ነበር፤ ሳስበው ምሳዬ አስጠላኝ።

ደንቡ የእንግዴ ልጅ ከጤና ጣቢያው ጓሮ ባለው ጉድጓድ እንዲጣል ነበር። እሷ ግን ቤተሰቡን "ትወስዱታላችሁ ወይስ እዚሁ ይቅር?" ብላ ሳትጠይቅ አትጥልም። የኮንዶሚኒየም ሰዎች ብዙ ጊዜ ይቅር ይላሉ፤ ደረጃ ላይ አይቀበር ነገር። የአቃቂ በሰቃ ሰዎች ግን ግቢ ስላላቸው ይወስዱታል፤ ሰው እትብቴ የተቀበረበት የሚለው አገር ያለ እሱ አይሆንላቸውም። የሚወስዱበት ደግሞ የቀለም ባልዲ ነው። በእኛ ሰፈር ፋብሪካ የሚሠራ ዘመድ የሌለው ሰው ስለማይገኝ ያ ክዳን ያለው ነጭ ባልዲ ያልገባበት ቤት የለም። ውሃ ይጠራቀምበታል፣ ዱቄት ይቀመጥበታል፣ ልብስ ይዘፈዘፍበታል። ሲስተር ወይንሸት ባልዲዎቹን ከድና ከማዋለጃው ጀርባ ጥላ ሥር ታኖራቸዋለች። ባለቤቱ ሲመጣ ራሷ ክዳኑን ትከፍታለች፣ ታሳያለች፣ ታስረክባለች። ስም አይጻፍበትም፤ የምታምነው ዓይኗን ነበር። ኃላፊው አንድ ቀን ጣጣ ያመጣብናል ሲላት "አንቱ ካሉ ልክ ነው" ትለውና በጀመረችው ትቀጥላለች።

ጣጣው የመጣው በአንድ ክረምት ከሰዓት ላይ ነው። ያን ዕለት ሁለት እናቶች ተከታትለው ተገላገሉ። አንደኛዋ ብርቱካን የምትባል የበሰቃ ልጅ ስትሆን ሴት ልጅ ወለደች፤ ሊወስዷት የመጡት አባቷ ጋሽ ታደሰ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። ሁለተኛዋ ሙና ናት፤ ባሏ ከድር ቃሊቲ ሱቅ ያለው የስልጤ ሰው ሲሆን የሚኖሩት ገላን ኮንዶሚኒየም ነው። እሷ ደግሞ ወንድ ልጅ ወለደች። ምራታቸውን ሊያርሱ ከአገር ቤት የመጡት የከድር እናት እማማ ዘይነባ፣ ከጠዋት ጀምሮ ባልዲያቸውን አቅፈው ደጅ ተቀምጠው ነበር።

እማማ ዘይነባ ባልዲውን የፈለጉበትን ምክንያት ለሚሰማቸው ሁሉ ሲናገሩ ነው የዋሉት። ከድርን ጨምሮ ልጆቻቸው ሁሉ ለንግድ ከአገር ወጥተዋል። የልጅ ልጆቻቸው በየከተማው ተወለዱ፤ የእንግዴ ልጃቸውም በየሐኪም ቤቱ ጉድጓድ ቀረ። ከእነዚያ ልጆች አንዱ እንኳ የአያቱን ደጅ አያውቅም። እሳቸው ይህን ከዚያ ጋር ያያይዙታል፤ ምኑም ያልተቀበረበት አገር ልጅን በምን ይጠራዋል ባይ ናቸው። ይህኛውን ግን ነገ በጠዋት መኪና ተሳፍረው ይዘው ሄደው፣ ከቤታቸው ጓሮ እንሰቱ መሐል ሊቀብሩት ቆርጠዋል። የመጨረሻ የልጅ ልጄ ነው፣ ከዚህ በኋላ የሚወለድ አላይም አሉን።

ሲስተር ወይንሸት ሌላ አራስ እየሰፋች ሳለ ጋሽ ታደሰ መጡ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ዝናቡ ሳይጥል ለመቅበር ቸኩለዋል። ልጄ፣ ስጪኝ ብለው ጠይቀው ይቆዩ ሲባሉ፣ መቆየቱ አልሆነላቸውም። ዞረው ከጥላው ሥር አንዱን ነጭ ባልዲ አንሥተው ሄዱ። ያነሡትም የራሳቸውን መስሏቸው ነው፤ ባልዲው ባልዲ ነው።

ዝናቡ ጥሎ አባራ። እማማ ዘይነባ ተራቸው ደርሶ ሲመጡ ሲስተር ወይንሸት እንደ ልማዷ ክዳኑን ከፈተች። እጇ እዚያው ቀረ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። የሙናው ድቡልቡል፣ ከጎኑ ምንም የሌለበት ነበር። ባልዲው ውስጥ ያለው ግን ዳር ላይ ትንሽዬ ቁራጭ ለብቻዋ ተለይታ የበቀለችበት ነው። ጠዋት ብርቱካን ስትወልድ ሲስተር ይቺን ቁራጭ አሳይታኝ፣ እንዲህ ያለችው ውስጥ ብትቀር እናትየዋን ታሳጣናለች ብላኝ ነበር። በሰቃ የሄደው የሙና ነው ማለት ነው።

ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ ይውሰዱት፣ ማን ያውቃል አልኳት። እውነቴን ነበር። አሮጊቷ ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ፣ ሽማግሌውም ደስ ብሏቸው ተመልሰዋል፤ ሁለቱም ልጆች ጤነኛ ናቸው። ሲስተር ወይንሸት በከንፈሯ ወደ ባልዲው ጠቆመችኝና "እሷ ታውቃለች" አለች። ከዚያ ቀና ብላ ለእማማ ዘይነባ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ መጠበቅ የነበረብኝ አለቻቸው።

እማማ ዘይነባ አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ነጠላቸውን አስተካክለው "ውሰጂኝ" አሉ። ሦስታችን አንድ ባጃጅ ውስጥ ታጭቀን፣ የብርቱካንን ባልዲ እኔ ጭኔ ላይ ይዤ፣ በጭቃው ስንላጋ በሰቃ ደረስን።

ጋሽ ታደሰ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጭቃ ከጫማቸው እየፋቁ ነበር። ከአጥሩ ጥግ አዲስ የተቆፈረ መሬት ይታያል፤ መሐሉ ላይ የዘይቱን ችግኝ ተተክሎበታል። ሲስተር ስትነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ወደ ባልዲው አይተው ተቆጡ። ከዚያ ግራ ገባቸው። እማማ ዘይነባ አካፋውን ስጡኝ፣ እኔው አወጣዋለሁ ብለው ወደ ጥጉ ሲያመሩ ተነሥተው ፊታቸው ቆሙ።

"የልጆቼ ሁሉ እዚሁ ጥግ ነው ያለው" አሉ ጋሽ ታደሰ። "ከእነሱ አንዱን ቀብሬዋለሁ፤ የቀረኝ ከእሱ ይሄ ጥግ ነው። ዝናቡ መሬቱን አላሽቆታል። አሁን አካፋ ቢገባ የማን ከማን እንደሚወጣ አላውቅም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አላስቆፍርም።"

እማማ ዘይነባም አልተቀመጡም። እኔም የልጅ ልጄን እዚህ ጥዬ አልሄድም አሉ። እኔ የማን እውነት እንደሚበልጥ ማወቅ አቃተኝ። ጋሽ ታደሰን ሳይ እሳቸው ትክክል ይመስሉኛል፤ ዞሬ አሮጊቷን ሳይ ደግሞ እሳቸው። ባልዲውን የት እንደማስቀምጠውም አላወቅኩም፤ መሬት ላይ ማድረጉ ነውር መሰለኝና እንደ ሕፃን ታቅፌው ቆምኩ። ወደ ሲስተር ወይንሸት ብዞር እሷ ከበረንዳው ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ቦት ጫማዋን እያየች ነው።

"እኔ የተወለድኩት ባቡር ላይ ነው" አለች።

ሁለቱም ዞረው አዩዋት። እኔም አየኋት፤ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

"እናቴ ከድሬዳዋ ስትመጣ ነው ምጥ የመጣባት። ባቡር ለምጥ አይቆምም። አብራት የተሳፈረች ሴት አዋለደቻት። የእንግዴ ልጄን በጨርቅ ጠቀለለችና በመስኮት ወረወረችው። የት እንደወደቀ እናቴም አታውቅም፣ ያችም ሴት አታውቅም። ሰው እትብቴ የተቀበረበት ብሎ አገሩን ሲጠራ እኔ ዝም ነው የምለው። ሐዲዱን በሙሉ አገሬ ነው አልል ነገር።" ቀና ብላ እማማ ዘይነባን አየቻቸው። "የእርስዎ የልጅ ልጅ ግን ቦታው ይታወቃል። ግቢው ይኸው፣ ባለቤቱም ይኸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ግን ልጁ አገር አላጣም።"

እማማ ዘይነባ ሲስተር ወይንሸትን ከቦት ጫማዋ ጀምረው እስከ ራሷ አዩዋት፤ አንጀታቸው መብላቱ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። እስከ ዛሬ አገርሽን ሳታውቂ ኖርሽ ወይ ብለው ጠየቋት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ከዚያ ወደ ጋሽ ታደሰ ዞሩ።

"ልጁ አድጎ መጥቶ ቢያንኳኳ ይከፍቱለታል?" አሏቸው።

ጋሽ ታደሰ ችግኙን አዩ። "ዘይቱኑም የሱ ነው" አሉ። "ለእኔዋ ሌላ እተክልላታለሁ።"

ነገሩ በዚህ አለቀ። ጋሽ ታደሰ ከጥጉ ራቅ አድርገው ሌላ ጉድጓድ ቆፈሩና የብርቱካን ልጅ የእንግዴ ልጅ ራሷ ግቢ ገባ። ሲስተር ወይንሸት ከሁለቱም ጉድጓዶች አጠገብ ጎንበስ እያለች "ደክመሻል። በቃሽ፣ አሁን እረፊ" አለች። እማማ ዘይነባ ማንን ነው የምታናግረው ብለው ጠየቁኝ፤ የማውቀውን ነገርኳቸው። ከዚያ ባልዲውን አጥበው፣ ከዘይቱኑ ሥር አፈር እንዲሞሉላቸው ጋሽ ታደሰን ለመኗቸው። ሽማግሌው አካፋውን ትተው በእጃቸው እየዘገኑ ሞሉላቸው። እማማ ዘይነባ በማግስቱ ያን አፈር ይዘው አገራቸው ገቡ፤ እንሰቱ መሐል አፍስሰውት ይሆናል።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ እውነት ባቡር ላይ ነው የተወለድሽው ብዬ ጠየቅኳት። "ቦት ጫማዬ ውሃ አስገባ" አለችኝ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ "የስሙ ነገር አሁን ገባኝ መሰለኝ" አለች። ምን ገባሽ ስላት ጤና ጣቢያው በር ደርሰን ነበርና ወርዳ ሄደች፤ ምጥ የያዛት ሴት መጥታለች። ሌላ ጊዜ ስጠይቃት ረስቼዋለሁ ትለኛለች። ለኃላፊው ግን የሆነውን ራሷ ሄዳ ነገረችው። አምባርቆ ሲያበቃ "አንቱ ካሉ ልክ ነው" አለችው፤ ያን ቀን ግን እውነቷን ነበር። ከዚያ ወዲህ በየክዳኑ ላይ ስም እንጽፋለን።

የሙና ልጅ አድጎ የበሰቃውን ግቢ እንደራሱ ቤት ያውቀዋል። ዘይቱኑ ሲያፈራ ማንንም ሳያስፈቅድ ይወጣበታል። በዒድ ጋሽ ታደሰ ገላን ይጋበዛሉ፤ በፋሲካ የከድር ቤተሰብ በሰቃ ይመጣል፣ ለእነሱ ለብቻ ይዘጋጅላቸዋል። ይህ ሁሉ የመጣው በአንድ ስህተት ነው ብዬ ሳስብ፣ ስህተቱን ስህተት ልበለው ወይ እያልኩ እደናገራለሁ።

መርዶውን በሰማሁ ዕለት ከሰዓት ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ቤቱ ድሮ የባቡር ሠራተኞች ይኖሩበት ከነበረው መንደር ውስጥ ነው፤ ደጁ ላይ ድንኳን ተጥሏል። ታላቅ ወንድሟን ጋሽ ኃይሉን ከዚያ በፊት አላውቃቸውም። አጠገባቸው ተቀመጥኩና የምለው ሲጠፋኝ፣ ሲስተር ባቡር ላይ መወለዷን ነግራን ነበር፣ አገር የለኝም ትል ነበር አልኳቸው።

"ባቡር?" አሉ። "ማን ነው ያለሽ? እዚህች ቤት ነው የተወለደችው። አባታችን ጣቢያው ይሠራ ነበር። እኔ ያኔ ነፍስ አውቄ ነበር፤ አዋላጇን የጠራሁት እኔ ነኝ። የእንግዴ ልጇ ከማድቤቱ ጀርባ ነው፣ ያ የኮክ ዛፍ ያለበት። እሷ ባቡር መች ትሳፈርና። ገና ስትወጣ ያስመልሳት ነበር።"

እጄን ይዞ ያስተማረኝ ሰው ዋሽቶ ነበር ማለት ነው? ወይስ ወንድምዬው ናቸው የዘነጉት? የሁሉንም አገር እየጠየቀች የኖረችው የራሷን አጥታ ነው ስል ነበር የኖርኩት፤ አሁን ያም ፈረሰብኝ። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ከጎኔ የተቀመጡትን ሴት ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። እማማ ዘይነባ ነበሩ። አገር ቤት ብቻቸውን መኖር ስላቃታቸው አሁን ከከድር ጋር ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ሁሉንም ሰምተዋል። ያን ቀን አካፋውን የተዉት ለባቡሯ ልጅ ብለው ነው። ዓመታት ሙሉ የተጋበዙበት ዒድና ፋሲካ ሁሉ በዚያ ባቡር ላይ የቆመ ነው።

እማማ ዘይነባ መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ ወደ ጋሽ ኃይሉ ዘንበል ብለው፣ "ተሳስተሃል ልጄ። ባቡር ላይ ነው የተወለደችው" አሉ።

"እማማ፣ እኔ እዚህ ነበርኩ እኮ።"

"አንተ ልጅ ነበርክ። ለእኔ ራሷ ነግራኛለች።"

ጋሽ ኃይሉ እኔን አዩኝ። እኔ ድንኳኑን አየሁ። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና፣ እንግዳን በለቅሶ ቤት መሞገት ነውር ሳይመስላቸው አልቀረም፣ "ይሁን እማማ፣ እንዳሉት ነው" አሉ።

ልንሄድ ስንነሣ እማማ ዘይነባ ክንዴን ያዙ። ወደ በሩ የምንወጣ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ማድቤቱ የትኛው ነው ብለው ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። ዞረን ከጀርባው ካለው የኮክ ዛፍ ሥር ስንደርስ ክንዴን ለቀቁኝ፣ በጉልበታቸው ዝቅ ብለው መሬቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

"ደክመሻል" አሉ። "በቃሽ፣ አሁን እረፊ።"

እንባዬ የመጣው ያን ጊዜ ነው።